ሰምና ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም የዕለት ንግግር

ሰምና ወርቅ አንድ አነጋገር ሁለት ፍቺ የሚሸከምበት የግዕዝና የአማርኛ የቃል ጥበብ ነው። ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ ሰም፣ ተናጋሪው በልቡ የያዘው ወርቅ ይባላል። ስያሜው የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ አንጥረኛ ጌጡን በሰም ቀርጾ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣም በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። ጥበቡ ብዙውን ጊዜ የሚጠናው እንደ ቤተ ክህነት ትምህርት ነው። እዚህ ግን ዋናው ጉዳይ በገበያ፣ በጠላ ቤት፣ በሙግትና በለቅሶ የሚነገረው ነው፤ ቦታውም ቢቸናና ሞጣ።

ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ከተማ ናቸው። ሁለቱም ጮቄን ተደግፈው ወደ ዓባይ በረሃ በሚያይ የእህል አገር ላይ ይገኛሉ። አካባቢው የቅኔ አገር ነው። ከቢቸና የማይርቀው የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም በቅኔ ትምህርቱ ስሙ የታወቀ ሲሆን፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ሲጽፉም የታሪኩን ዋና መቼት ያደረጉት ዲማን ነው። በጎጃም ከዚህ ሌላ ዋሸራና ጎንጅ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። የቅኔ ተማሪ ባለሁለት ስንኝ ከሆነው ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ስንኙ መወድስ ድረስ በግዕዝ ይቆጥራል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከደጅ ወደ ደጅ ቁራሽ የሚለምነውም እሱ ነው። ገበሬውና ጠላ ጠማቂዋ ከዚህ ተማሪ ጋር በየቀኑ ቃል ይለዋወጣሉ። ግዕዙን ባይሰሙም መንገዱን ያውቁታል፤ ጥበቡ ከማኅሌቱ ወደ ደጃፉ የወረደው በዚህ በኩል ነው ቢባል ያስኬዳል።

የሰምና ወርቅ ቁልፍ፣ ሁለቱን ፍቺ የሚሸከመው ቃል፣ ኅብረ ቃል ወይም ኅብር ይባላል። በአማርኛ «ተማረ» ማለት ዕውቀት ገበየ ማለት ነው፤ ይቅርታ አገኘ ማለትም ነው። ለዚህ መጣጥፍ የተገጠመው የሚከተለው ግጥም በዚሁ ቃል ላይ ቆሟል፦

መምህሩን አስቀይሞ አምና እንኳ ቢለግም፣
ተማረ ልጃችን ዘንድሮስ አይደግም።

በሰሙ ልጁ ትምህርቱን ስለያዘ ክፍል አይደግምም። በወርቁ ምሕረት አግኝቷልና ጥፋቱን አይደግምም። እዚህ ሁለት ኅብር መኖሩን ልብ ይሏል፤ «ተማረ» ብቻውን አይሠራም፣ «አይደግም» ያግዘዋል። ጥሩ ገጣሚ አንዱን ኅብር በሌላው ያስደግፋል፤ ሰነፉ አንድ ቃል ወርውሮ ሰሚውን ይጨነቅበት ይላል።

በተራ ወሬ ግን ግጥም የግድ አይደለም። ለማር ነጋዴ ባልንጀራው ዕዳ ያለበት ሰው ገበያ ላይ ፊት ለፊት ቢገጥመውና «ምን ልስፈርልህ?» ቢባል፣ «እኔስ ማር ነው የምልህ» ብሎ ሊያመልጥ ይችላል። በአጠገባቸው ያለ ሁሉ ይስቃል፤ ነጋዴውም ቀን ሳይጨምርለት አይቀርም። ይህ ቀልድ የሚሠራው «አንተ» በሚባባሉ እኩዮች መካከል ብቻ ነው። ነጋዴዋ ሴት ብትሆን ቃሉ «ማሪ»፣ ነጋዴው አባት የሚባሉ ሰው ቢሆኑ «ይማሩ» ይሆንና ኅብሩ ይፈርሳል። የጎጃም ሰው ታላቁን አንቱ ማለቱን ለቀልድ ብሎ አይተውም፤ ስለዚህ ለታላቅ የሚቀርብ ወርቅ ብዙውን ጊዜ በግሥ ላይ ሳይሆን በስም ላይ ይሠራል።

በስም ላይ ከተሠሩት ሁሉ በአካባቢው የሚዘወተረው የበላይ ዘለቀ ነው። ከቢቸና አውራጃ ተነሥቶ ጣልያንን የተዋጋው በላይ፣ የመዓርግ ስም ይሰጥህ ሲባል እናቱ በላይ ብላ እንደሰየመችውና ከዚያ የሚበልጥ መዓርግ እንደማያስፈልገው መለሰ ይባላል። አርበኛው በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በስቅላት ተቀጣ። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከአፍ አልወረደም።

ከዓለም ቋንቋዎች ለንጽጽር የሚጠራው የምሥራቅ ለንደን ኮክኒ ቤት መምቻ ዘይቤ ነው። ጆን ካምደን ሆተን እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው መዝገበ ቃላት እንደመዘገበው፣ የለንደን የጎዳና ሻጮችና ለፋፊዎች አንድን ቃል ቤት በሚመታለት ሐረግ ይተኩት ነበር። «ስቴርስ» (ደረጃ) ማለት ሲፈልጉ «አፕልስ ኤንድ ፔርስ» (ፖምና ፒር) ይላሉ፤ ቆይቶም ቤት የመታው «ፔርስ» ይወድቅና «አፕልስ» ብቻ ይቀራል። ራስ የተባለው «ሄድ» በዚሁ መንገድ «ሎፍ ኦቭ ብሬድ» (ሙልሙል ዳቦ)፣ ከዚያ «ሎፍ» ሆኗል። ድልድዩ የተቆረጠበት ባዳ ሰሚ ዳቦ ከራስ ጋር ምን እንዳገናኘው አያገኘውም።

ከኮክኒ ጋር በእውነት የሚቀራረበው የእኛ ልማድ ሰምና ወርቅ ሳይሆን የተቆረጠ ተረት ነው። አንድ ሰው የማይሆን ተስፋ ሲያደርግ «ላም አለኝ በሰማይ» ይባልበታል፤ ቤት የሚመታው «ወተቷንም የማላይ» ከተናጋሪው አፍ አይወጣም። «አባቱ ዳኛ» ተብሎ ዝም ከተባለም «ልጁ ቀማኛ» ሰሚው ልብ ውስጥ ይሞላል። በሁለቱም ቦታ ቤት የመታው ጭራ ተቆርጦ ጉዳዩ የቀረው በጭራው ላይ ነው። ልዩነቱ ለማን ተብሎ እንደሚቆረጥ ነው። የኮክኒው ባዳውንና ፖሊሱን ለማሳት ይቆርጣል ይባላል፤ ቢቸና ላይ ግን ጭራውን የማያውቅ አይኖርም፣ የሚቆረጠው ስድቡን ተናጋሪው ራሱ እንዳይናገረው ነው። ከሳሽ ቢመጣ «እኔ ምን አልኩ?» ለማለት ይመቻል።

ይህ መሸሻ በሙግት ጊዜ ዋጋ ነበረው። በድሮው በልሃ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪዎች ነገራቸውን በግጥምና በምሳሌ ያቀርቡ ነበር፤ ዳኛውንም ታዳሚውንም የሚያስደስት ጠበቃ ግማሽ ረታ ማለት ነው። በለቅሶ ቤትም አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን ታመሰግናለች፣ በዚያው ስንኝ ከዘመድ መካከል ያልጠየቀውን ወይም ርስት የቀማውን ትነካለች። የተነካው ሰው መልስ ከሰጠ ወርቁን አመነ፣ ዝም ካለም ሰዉ አውቆታል። ላይ ላዩ ለስላሳ ሆኖ ውስጡ የሚወጋው እንዲህ ያለው ንግግር በቅኔ ቤት ስሙ ውስጠ ወይራ ይባላል፤ ቃሉ ዛሬ ቅኔ ቤት ላልረገጠ ሰውም የተለመደ ሆኗል።

ንግግርን በእውነት ከባዳ ለመሰወር የተሠሩ ቋንቋዎች በአገሪቱ የሉም ማለት አይደለም። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት የነጋዴዎችን፣ የአዝማሪዎችንና የዛር ባለውቃቢዎችን የምሥጢር አነጋገር ሰብስቧል። ልጆች የሚጫወቱበት የወፍ ቋንቋ ከየቀለሙ ኋላ «ዘ»ን እየሰካ ቃሉን ያስረዝማል። የአዲስ አበባው የአራዳ ቋንቋ ደግሞ «ጀለስ»ን፣ «ጨላ»ን፣ «ችስታ»ን የመሳሰሉ ቃላትን እየፈጠረ ይሄዳል፤ ሞጣ ያለ ወጣትም ዛሬ ይናገረዋል። እነዚህ ሁሉ አዲስ ቃል ይሠራሉ። ሰምና ወርቅ ግን አንድም አዲስ ቃል አይፈልግም፤ የሚሠራው ሰሚው ቀድሞ በሚያውቀው ቃል ነው።

ስለ ሰምና ወርቅ ውጭ አገር የታወቀው መጽሐፍ የዶናልድ ሌቪን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1965 ወጥቷል፤ የአማራን ባሕርይ በዚሁ ዘይቤ ለመተርጎም የሞከረ ነው። ሌቪን ገበሬውን ያጠናው መንዝ ላይ በመሆኑ የጎጃሙ ቅኔ ቤት ያለበት የዕለት ኑሮ በመጽሐፉ ውስጥ የሚገባውን ያህል አይታይም።

የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን ለይቶ አይጽፍም፤ በጽሑፍ «ገና» በዓሉም ነው፣ «እስካሁን»ም ነው፤ «አለ» ተናገረም ነው፣ ይገኛልም ነው። በአፍ ሲነገሩ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ በስልክ መልእክት የሚያስቅ ኅብር ጠላ ቤት ሲነገር ሊከሽፍ ይችላል፤ አጥባቂ ባለቅኔዎችም ሲጠብቅና ሲላላ የሚለያይን ቃል እንደ ሙሉ ኅብር ለመቀበል ያመነታሉ። በትምህርት ቤት የአማርኛ መማሪያ ተማሪው ከግጥሙ ሥር ሰሙን፣ ወርቁንና ኅብረ ቃሉን በሦስት መስመር እንዲጽፍ ይጠየቃል። ለፈተና ይጠቅማል። ጠላ ቤት ውስጥ ግን ወርቁን አስረዱኝ ያለ ሰው ቀጣዩ ቅኔ የሚዘረፍበት ራሱ ነው።