2,147,483,647 እና የ2030 ጥምቀት

ከሚሴ ላይ ቀን ለመቁጠር አንድ ካሌንደር አይበቃም። በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ አብዛኛው ሰው ጾሙንና ዒዱን በጨረቃ ይቆጥራል፤ ክርስቲያን ጎረቤቱ በባሕረ ሐሳብ። ገበያው ለሁሉም በሳምንት ነው፦ እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ደግሞ ሌላ ቆጠራ አለው፤ እሱ የሚያውቀው ሰከንድ ብቻ ነው።

ያ ቆጠራ የተነሳው ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። በቆዩት ሲስተሞች ሰከንዱ የሚመዘገበው በ32 ቢት ነው፤ አንዱ ቢት ለምልክት ስለሚውል ለቁጥሩ 31 ይቀራል። ከዚህ በላይ የማይሞላው ጣሪያ 2,147,483,647 ነው።

ቁጥሩ ግን ከኮምፒውተር በፊት ዝና ነበረው። ፈረንሳዊው መነኩሴ መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ነው ብሎ ነበር፤ ማለትም ከ1ና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ያረጋገጠው ግን ኦይለር ነው፣ በ1772፣ ዓይኑ ሊጠፋ ምንም ሳይቀረው። አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 መትረፍ እንዳለበት አወቀ፤ እስከ 46,340 ድረስ ያሉትን እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ሞከረ። አንዱም አልሠራም። በ1811 እንግሊዛዊው ባርሎው፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ለምንም ስለማይጠቅም ከዚህ የሚበልጥ የሚፈልግ አይኖርም አለ። ተሳሳተ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት የተገኘው 41,024,320 አሃዝ አለው።

ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ በ60 እኩል አይካፈልም። ሲቆጠር 24,855 ቀን ከ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ጣሪያው የሚሞላው እንግዲህ ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030፣ ንጋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። የጥምቀት ንጋት! ከተራው በባቲ ገበያ ቀን ይውላል፤ ዒድ አል አድሃም በጨረቃ ስሌት ከጥቂት ቀናት በፊት ነው። ሦስቱ ቆጠራዎች በአንድ ሳምንት ይገናኛሉ፣ አራተኛው ይሰናከላል፦ ያልታደሰ ማሽን በቀጣዩ ሰከንድ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ነው ይላል፣ የምኒልክ ዘመን።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የ15 ዓመት ብድር ዛሬ የሚፈርም ነጋዴ የመጨረሻ ክፍያው ከዚያ ንጋት ያልፋል፤ የድሮ ሲስተም ቀኑን ዛሬውኑ ሊያበላሸው ይችላል። መፍትሔው 64 ቢት ነው፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮችም ይዘውታል። የዚያ ጣሪያ ብቸኛ ቁጥር አይደለም፤ በ7 እኩል ይካፈላል፣ እንደ ባቲ ሳምንት።