የተሽከርካሪ ሬዲዮን የሚያውኩ ዲጂታል መሣሪያዎች፦ መንስኤና መፍትሔ

ከከተማ ርቆ በሚጓዝ ተሽከርካሪ ውስጥ የአየር ጠባይ ትንበያ ወይም የእህል ገበያ ዋጋ በሚነገርበት ሰዓት ሬዲዮው በጩኸት ቢዋጥ፣ ጥፋቱ የጣቢያው ይመስላል። ይሁን እንጂ መንስኤው ከሬዲዮው አጠገብ የተሰካ የስልክ ቻርጀር ሊሆን ይችላል።

ችግሩ እንዴት ይፈጠራል?

ቻርጀር የባትሪውን 12 ወይም 24 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ በማብራትና በማጥፋት ነው። ይህ ፈጣን መቆራረጥ የሬዲዮ ሞገድ ይፈጥራል፤ ሽቦውም እንደ አንቴና ሆኖ ያሰራጨዋል። ኤል ኢ ዲ መብራት፣ ካሜራና የጂፒኤስ መከታተያም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ይበልጥ የሚጎዳው ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ያለው መካከለኛ ሞገድ ነው። ኤፍ ኤም የተሻለ ቢቋቋምም፣ ከማሰራጫው በራቀ አካባቢ እርሱም ይታወካል።

መንስኤውን መለየት

ሞተሩን ሳያስነሡ ሬዲዮውን ከፍተው ድምፁ ደከም ያለ ጣቢያ ይፈልጉ። ከዚያም መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ቻርጀር ስልክ ባይኖርበትም ሊያውክ ስለሚችል ራሱን ከሶኬቱ ማውጣት ያስፈልጋል። ሞተሩ ሲፈጥን እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ ከዲናሞ ይመጣል፤ በቤንዚን ተሽከርካሪ ላይ ከሞተሩ ጋር የሚፋጠን ቋ ቋ የሚል ድምፅ ደግሞ ከካንዴላ መስመር ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

• አዋኪውን ቻርጀር በተሻለ ጥራት በተሠራ መተካት፤ ይህ ካልተቻለ በዜና ሰዓት መንቀል።
• መሣሪያውንና ሽቦውን ከአንቴናው መስመር ማራቅ፤ ትርፍ ሽቦን ማሳጠር።
• የአንቴናውን መቀመጫ ከዝገት አጽድቶ ከተሽከርካሪው ብረት ጋር አጥብቆ ማሰር።
• በመሣሪያው ሽቦ ላይ የፌራይት ቀለበት ማድረግ። ይህ በኮምፒውተር ገመድ ጫፍ ላይ እንደ እብጠት የሚታየው ነው። ለመካከለኛ ሞገድ ሽቦውን በቀለበቱ ውስጥ ደጋግሞ ማዞርና ቀለበቱን ወደ መሣሪያው ማስጠጋት ይገባል።

ጥንቃቄ

የኤር ባግና የፍሬን ሽቦዎችን መንካት ለሕይወት አደገኛ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በዝተዋል። የእነዚህ ሞተር መቆጣጠሪያም መካከለኛ ሞገድን ያውካል፤ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶቻቸው ከፍተኛ ቮልት ስለሚሸከሙ ለባለሙያ ብቻ የተተዉ ናቸው።

ሁሉም መሣሪያ ተነቅሎ ጩኸቱ ከቀጠለ፣ ተሽከርካሪውን ከኤሌክትሪክ መስመር አርቀው ዳግም ያዳምጡ። በዚያ ከጠፋ መንስኤው ከተሽከርካሪው ውጭ ነው።