መግነጢሳዊ አሳላፊነት እና አለካኩ

መግነጢሳዊ አሳላፊነት፣ በእንግሊዝኛ መጠሪያው ፐርሚያቢሊቲ፣ በአንድ ቁስ ውስጥ የሚፈጠረው የመግነጢስ ፍሰት ጥግግት ፍሰቱን ላስከተለው መግነጢሳዊ መስክ ብርታት ሲካፈል የሚገኘው ዋጋ ነው። መለኪያው ሄንሪ በሜትር ነው። የባዶ ጠፈር ዋጋ 0.0000012566 ሄንሪ በሜትር ገደማ ሲሆን፣ የቁሱ ዋጋ ለዚህ ሲካፈል አንጻራዊ አሳላፊነት ይባላል። የመዳብና የአሉሚኒየም አንጻራዊ አሳላፊነት ከ1 እምብዛም አይርቅም፤ ለትራንስፎርመር እምብርት የሚመረጠው ሲሊከን የተቀላቀለበት አረብ ብረት ግን በሺዎች ይቆጠራል።

የትራንስፎርመር እምብርት ተጠቃሚ ቢኖርም ባይኖርም ሌሊትና ቀን ከመስመሩ ጋር ተያይዞ ይቆያል። የብረቱ አሳላፊነት ዝቅተኛ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ፍሰት ለመፍጠር ተጨማሪ ጅረት ይስባል። በመሆኑም ብረቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይለካል።

መሠረታዊው ስልት የቀለበት ዘዴ ነው። ቀጥ ያለ ዘንግ ቢወሰድ በጫፎቹ የሚፈጠሩት ዋልታዎች የውስጡን መስክ ስለሚያዳክሙ ልኬቱ ይዛባል፤ ቀለበት ግን ጫፍ የለውም። በቀለበቱ ላይ ሁለት ሽቦዎች ይጠመጠማሉ። አንደኛው ጅረት ይቀበላል፤ ሁለተኛው የፍሰቱን ለውጥ ከሚመዘግብ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። ለምሳሌ አማካይ ዙሪያው 0.30 ሜትር በሆነ ቀለበት ላይ 200 ዙር ሽቦ ተጠምጥሞ 0.15 አምፔር ቢተላለፍበት፣ የመስኩ ብርታት 100 አምፔር በሜትር ይሆናል። የቀለበቱ ቁራጭ ስፋት 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው ሽቦ ደግሞ 50 ዙር ነው እንበል። የጅረቱ አቅጣጫ ሲገለበጥ መሣሪያው 0.005 ቮልት ሴኮንድ ቢያሳይ፣ የፍሰቱ ጥግግት በ1 ቴስላ ተለውጧል ማለት ነው። ለውጡ ከአንዱ አቅጣጫ ወደ ተቃራኒው ስለሆነ ግማሹ፣ ማለትም 0.5 ቴስላ ይወሰዳል። ይህ ለ100 ሲካፈል 0.005 ሄንሪ በሜትር ይሰጣል፤ አንጻራዊ አሳላፊነቱም 3,980 ገደማ ነው።

ብረት ቀድሞ ያለፈበትን መግነጢስ በከፊል ይዞ ስለሚቆይ፣ ናሙናው አስቀድሞ መጽዳት አለበት፤ ተለዋዋጭ ጅረት ተሰጥቶት ቀስ በቀስ እስከ ዜሮ ይቀነሳል። ይህ ከተዘለለ የተቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪ ሮውላንድ በቀለበት ተጠቅሞ የብረት፣ የአረብ ብረትና የኒኬል አሳላፊነት ከመስኩ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ለክቷል። ጽሑፉን በአገሩ መጽሔት ተቀባይነት ቢነፍገውም፣ በማክስዌል ድጋፍ በ1873 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ታትሟል። አሳላፊነቱ በደካማ መስክ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ያድጋል፤ ብረቱ በፍሰት ሲጠግብ መልሶ ይወርዳል።

ለስስ የብረት ቆርቆሮ የሚያገለግለው የኤፕስታይን ፍሬም ነው። 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮች በአራት ማዕዘን ይደረደራሉ፤ የማዕዘኖቹ መደራረብ ግን ውጤቱን በጥቂቱ ይነካል። በብረት አቅራቢ የጥራት ሰነድ ላይ አንድ የአሳላፊነት ቁጥር ብቻ ቢቀርብ ለንጽጽር አይበቃም፤ የመስኩ ብርታት፣ የጅረቱ ድግግሞሽና የመለኪያው ዘዴ አብረው መገለጽ አለባቸው።