የኢዘንሃይም ሥዕልና ሕሙማኑ

ስለ አውሮፓ የህዳሴ ዘመን ሥነ ሥዕል ሲነሣ፣ በብዙዎቻችን ኅሊና የሚመጡት የኢጣልያ ሠዓልያን የሣሏቸው መልካቸው ያማረ፣ አካላቸው የተስተካከለ ቅዱሳን ናቸው። በዚያው ዘመን ከአልፕስ ተራሮች በስተሰሜን፣ ማቲያስ ግሩንቫልድ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ከውበት ይልቅ ሕመምን ያስቀደመ ታላቅ ሥራ ትቶልናል። ይህን ሥራ ለሙያ ባልደረቦቼ ማስተዋወቅ የፈለግሁት፣ ሕሙማን ይታከሙበት ለነበረ ቤት የተሠራ በመሆኑ ነው።

ሥዕሉ ከ1512 እስከ 1516 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአልዛስ ምድር፣ በኢዘንሃይም ለነበረው የእንጦንሳውያን ገዳም ተዘጋጀ። ማኅበረ መነኮሳቱ በ11ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በፈረንሳይ የተቋቋመ ሲሆን፣ ዋና ተግባሩ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» በሚባለው በሽታ የተያዙትን ማስታመም ነበር። ሕመምተኛውን እጅና እግሩን እንደ እሳት ይለበልበዋል፤ ውሎ አድሮም ጣቶቹ ይጠቁራሉ፣ ይደርቃሉ፣ ከነጭራሹም ተቆርጠው ይወድቃሉ። የበሽታው መነሻ ራይ በተባለው እህል ዛላ ላይ የሚበቅለው ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ነው፤ መርዙ የደም ሥሮችን አጥብቦ ደም ወደ እጅና እግር እንዳይደርስ ያግዳል። ይህ በሐኪሞች ዘንድ መታወቅ የጀመረው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ነውና፣ ግሩንቫልድም ሆነ መነኮሳቱ አያውቁትም ነበር።

ሥራው በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ከምናያቸው ባለ መዝጊያ ሥዕሎች ጋር የሚቀራረብ አሠራር አለው። መዝጊያዎቹ በየተራ ሲከፈቱ ሦስት ልዩ ልዩ ገጽታዎችን ያሳያል። ሁሉም በተዘጉ ጊዜ የሚታየው ስቅለቱ ነው። የክርስቶስ አካል በዙሪያው ካሉት ሁሉ ይገዝፋል፤ ቆዳው ወደ አረንጓዴነት ያደላ፣ በቁስልና በእሾህ ስብርባሪ የተሞላ ነው፤ ጣቶቹ በሥቃይ ተወጥረው ወደ ላይ ቆመዋል። መዝጊያዎቹ ሲከፈቱ አንዱ ክንድ ከአካሉ የተለየ ይመስላል። ከግርጌ ያለው የግንዘት ሥዕልም ሲከፈት እግሮቹ የተቆረጡ መስለው ይታያሉ። ይህን ያስተዋሉ ሊቃውንት፣ እጁን ወይም እግሩን በሐኪም መጋዝ ያጣ ሕመምተኛ የራሱን መከራ በአምላኩ አካል ላይ እንዲያይ የታሰበ ነው ይላሉ።

በእኔ አስተያየት የሥዕሉ ኃይል ከዚህ ላይ ነው። ሠዓሊው ሰው ፊቱን የሚያዞርበትን ቁስል ሳያስጌጥና ሳይሸፍን አተኩሮ ተመልክቶታል። መዝጊያው ተከፍቶ ትንሣኤው ሲገለጥ ያ የቆሰለ ቆዳ ነጽቶ በብርሃን ተከቦ ይታያል፤ ይሁን እንጂ የችንካሩ ምልክት አልጠፋም። ለሕመምተኛው የቀረበው ተስፋ የደረሰበትን መከራ አይክድም።

በመጨረሻው ገጽታ፣ ጥር 22 ቀን በቤተ ክርስቲያናችን የሚታሰበው አባ እንጦንስ ገዳማዊውን ጳውሎስን ሲጎበኝ ይታያል። ከበላያቸው ቁራ ኅብስት ይዞ ይወርዳል፤ ከእግራቸው ሥር ለመድኃኒት የሚያገለግሉ ዕፀዋት በቅለዋል። በሌላው ወገን፣ ቅዱሱ በአጋንንት በሚፈተንበት ሥዕል ጥግ ላይ፣ ሆዱ ያበጠና ገላው የቆሰለ ፍጡር ወድቆ እናያለን። ብዙዎች የዚያ በሽታ አምሳል ነው ብለው ተርጉመውታል።

ኅብስቱ ከምሳሌነት ያለፈ ትርጉም ነበረው። መነኮሳቱ ለሕሙማን ከቅባትና ከተባረከ ወይን ጋር ጥሩ የስንዴ ዳቦ ይሰጡ ነበር። የተመረዘውን እህል መብላት ያቆመ ሰው የመዳን ዕድሉ ይሰፋ ስለ ነበር፣ ምክንያቱን ሳያውቁ ከበሽታው ምንጭ አርቀውታል ማለት ነው።

እኛ ዘንድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የኤርጎት ጠባይ በሕክምና መጻሕፍት ከተጻፈ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1977 እና በ1978 በወሎ፣ ፈንገሱ የያዘው የዱር አጃ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ የገበሬዎችን እጅና እግር አበሰበሰ። በ2001 ደግሞ በአርሲ በተበከለ ገብስ ምክንያት ያው በሽታ ታየ። በሁለቱም ጊዜያት የበሽታው ምክንያት በሳይንስ የታወቀ ነበር፤ ገበሬው ማዕድ ዘንድ ያልደረሰው ንጹሕ እህል ነው።

ሥዕሉ ዛሬ በኮልማር ከተማ በኡንተርሊንደን ሙዚየም ይገኛል፤ በ2022 የተፈጸመው እድሳትም የቀለሙን ድምቀት መልሶለታል። የጎብኚው ዓይን በስቅለቱ ቁስል ላይ መቆየቱ አይቀርም። እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ግን ቁራው ይዞት የሚወርደውንም ኅብስት ልብ ብለን ብንመለከት መልካም ነው።