ሽሮ ወጥ

ሽሮ ወጥ ከተፈጨ ጥራጥሬ፣ ከሽንኩርት፣ ከዘይት ወይም ከቅቤ እና ከቅመማ ቅመም የሚሠራ፣ በአብዛኛው በእንጀራ የሚበላ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ነው። ዱቄቱም ሆነ ወጡ በአጭሩ ሽሮ ይባላሉ። ቶሎ ስለሚደርስ፣ ወጪው አነስተኛ ስለሆነና በጾምም በፍስክም ስለሚበላ በሥራ ቀናት በየቤቱ በብዛት ከሚሠሩ ወጦች አንዱ ነው። ወጡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚደርሰው አድካሚው ሥራ፣ ማለትም መልቀሙ፣ ማመሱ፣ መከካቱ፣ መቀመሙና መፍጨቱ፣ ለብዙ ወራት በሚበቃ መጠን አስቀድሞ ስለሚያልቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአዊ ዞን ከተሞች የሆኑት እንጅባራ (ቆሰበር) እና ዳንግላ በምሳሌነት ተወስደዋል።

ታሪክ

ጥራጥሬ በኢትዮጵያ ደጋ ረጅም ዕድሜ ያለው ሰብል ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘውና ከላሊበላ ከተማ ጋር በስም ብቻ በሚመሳሰለው የላሊበላ ዋሻ በተደረገ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ፣ 2,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የገብስ፣ የሽምብራና የሌሎች ጥራጥሬዎች ቅሪቶች ተገኝተዋል። ዛሬ ለሽሮ ቀይ መልክ የሚሰጠው በርበሬ ግን መነሻው የአሜሪካ አህጉር ስለሆነ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በኋላ ነው። ስለዚህ በርበሬ የሌለው ነጭ ሽሮ ከቀዩ የቀደመ መልክ እንደሆነ መገመት ይቻላል።

የዱቄቱ አዘገጃጀት

ለሽሮ የሚውሉት ዋና ዋና ጥራጥሬዎች ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላና ጓያ ናቸው። አንዱን ለብቻው ወይም ሁለትና ሦስቱን ቀላቅሎ ማዘጋጀት የተለመደ ነው። ቅደም ተከተሉ ከአካባቢ አካባቢና ከቤት ቤት ቢለያይም በአብዛኛው የሚከተለው ነው።

1. ጥራጥሬው ከጠጠር፣ ከአፈርና ከባዕድ ፍሬ ይለቀማል።
2. በምጣድ ለዘብ ባለ እሳት ይታመሳል። በአንዳንድ ቤት ከመታመሱ በፊት ወይም በኋላ በውሃ ይረሰርሳል።
3. ከደረቀ በኋላ ይከካል፤ ገለባው በሰፌድ ተበጥሮ ይወገዳል።
4. በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ፣ ኮረሪማና ጨው ይጨመሩበታል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ ተወቅጠው ከክኩ ጋር በፀሐይ ይደርቃሉ።
5. በወፍጮ ቤት ተፈጭቶ በወንፊት ይነፋል።

ቅመሙ ሁሉ አብሮት የተፈጨ ዱቄት ምጥን ሽሮ ይባላል። በርበሬ ሳይገባበት የተዘጋጀው ደግሞ ነጭ ሽሮ ነው። ማመሱ ዱቄቱን ጥሩ መዓዛ ይሰጠዋል፤ ጥራጥሬውንም በከፊል ያበስለዋል። ፍሬው በደንብ ካልታመሰ ወጡ ምንም ያህል ቢንተከተክ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ካረረ ደግሞ ይመራል።

ይህ ዝግጅት በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ የወደቀ ሥራ ነው። ጊዜ የሌላቸው የከተማ ቤተሰቦች፣ ተከራይ ሠራተኞችና ተማሪዎች ዱቄቱን ከባልትና መደብር በኪሎ ይገዛሉ።

የወጡ አሠራር

ለአራት ሰው 150 ግራም ያህል ዱቄት፣ ከ1 እስከ 1.25 ሊትር ውሃ፣ ሁለት መካከለኛ ራስ ቀይ ሽንኩርትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃል። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ በመጀመሪያ ያለ ዘይት፣ እንዳያርርም ትንሽ ትንሽ ውሃ ጣል እየተደረገበት ይቁላላል። ከዚያ ዘይቱና የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ይገባል። ምጥን ያልሆነ ሽሮ ከሆነ በርበሬው በዚህ ጊዜ ተጨምሮ ከቁሌቱ ጋር ይበስላል። ውሃው ተጨምሮ ሲፈላ ዱቄቱ በአንድ እጅ እየተነሰነሰ በሌላው ይማሰላል። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመርም እንዳይጓጉል ይረዳል።

ወጡ እሳቱ ተቀንሶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንተከተካል። መድረሱ የሚታወቀው የጥሬ ዱቄት ሽታው ሲጠፋና ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ ሲል ነው። ምጥን ሽሮ ጨው ያለበት ስለሆነ ተጨማሪ ጨው የሚገባው ከተቀመሰ በኋላ ነው።

ዓይነቶች

ሽሮ ፈሰስ፦ ቀጠን ብሎ የሚሠራና እንጀራ ላይ የሚፈስ ነው። በሥራ ቀን የሚዘወተረው ይህ ነው።

ተጋቢኖ፦ ወፍራም ሆኖ በአነስተኛ የሸክላ ድስት እንደተንተከተከ የሚቀርብ ነው። ዱቄት በብዛት ይወስዳል።

ቦዘና ሽሮ፦ ሥጋ ወይም ቋንጣ የሚገባበት የፍስክ ሽሮ ነው።

ነጭ ሽሮ፦ በርበሬ ሳይኖረው በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና አንዳንዴ በእርድ የሚሠራ ነው። ለሕፃናትና በርበሬ ለማይስማማቸው ይመረጣል።

በጾም ቀን ወጡ በዘይት፣ በፍስክ ደግሞ በንጥር ቅቤ ይሠራል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት በመሆናቸው በአብዛኛው የዓመቱ ሳምንታት ከአምስቱ የሥራ ቀናት ቢያንስ ሁለቱ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ያልፋሉ። የሽሮን መዘውተር ካጠናከሩት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ከፍታና የማብሰያ ጊዜ

ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ቦታው በየ300 ሜትሩ ከፍ ሲል የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ዝቅ ብላ በ2,100 ሜትር አካባቢ በምትገኘው ዳንግላ ደግሞ 93 ዲግሪ ገደማ ነው።

ልዩነቱ ለሻይ ብዙም አይታወቅም፤ ለጥራጥሬ ግን ትልቅ ነው። ድፍን ሽምብራ ወይም ባቄላ በደጋ ለመብሰል ከቆላው የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል፤ እሳቱን ማብዛትም ውሃውን ቶሎ ያደርቀዋል እንጂ ሙቀቱን ከመፍያው በላይ አያደርሰውም። ጊዜውን የሚያሳጥሩት ፍሬውን አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ድስት መጠቀም ወይም ፍሬውን ማድቀቅ ናቸው። ሽሮ ሦስተኛው መንገድ ነው፦ ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ ሙቀቱ ወዲያውኑ ዘልቆ ይገባዋል። በምጣድ ላይ ሲታመስም ሙቀቱ ከውሃ መፍያ በላይ ስለሚሆን የከፍታው ጉዳይ በከፊል የሚፈታው ገና ከወፍጮ በፊት ነው።

ይህ በቀጥታ ማገዶ ይቆጥባል። በአዊ ዞን፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳቸው ተክለው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጠው ከሰል ሲያደርጉት ቆይተዋል። ከሰሉ ከአካባቢው አልፎ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሲጫን ቆይቷል። ከሰል በሚመረትበት አካባቢም ቢሆን ለከተማ ነዋሪ የሚገዛ ዕቃ ነውና ወጡ ምድጃ ላይ የሚቆይበት ጊዜ የወጪው አካል ነው።

በአዊ ዞን

በእንጅባራ ዙሪያ ባለው የባንጃ ደጋ ገብስ፣ ድንች፣ ስንዴ፣ ጤፍና ባቄላ ይመረታሉ፤ በዳንግላ አካባቢ ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ ይበዛሉ። የደጋው አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ በመሆኑ ምርት ለማሻሻል ኖራ ይጨመርበታል። ሽምብራ የሚስማማው እርጥበት ይዞ የሚቆይ ጥቁር የመረሬ አፈር ስለሆነ ዋና ዋና አምራቾቹ እንደ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንደርና ሸዋ ያሉ አካባቢዎች ናቸው። ለደጋው ቤተሰብ የባቄላ ወይም የአተር ቅልቅል ለአገሩ ምርት ቅርብ የሆነ ምርጫ ነው።

ድንች በዚህ ደጋ ከሽሮ ጋር የሚጣመር የሥራ ቀን ምግብ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነና ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ እንደነበር ይነገራል። ተቀቅሎ በአዋዜ ወይም በሰናፍጭ ይበላል፤ በአልጫ መልክም ይሠራል። ከትፎ ሽሮው ውስጥ መጨመር ደግሞ እንጀራ ባነሰበት ቀን ወጡን ያጠግባል።

የምግብ ይዘት

ደረቅ ሽምብራ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ አተርና ባቄላ ከዚህ ትንሽ ይበልጣሉ። ከላይ በተጠቀሰው መጠን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ዱቄት ወደ 7 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። የጥራጥሬ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ይበዛበታል፣ ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ የእህል ፕሮቲን በአብዛኛው የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ሽሮና እንጀራ አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረትና ዚንክ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ ያግዳል። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ቫይታሚን ሲ ያላቸው እንደ ጥሬ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሎሚ ያሉ ምግቦች አብረው ሲበሉ ደግሞ ብረቱ በተሻለ ሁኔታ ይወሰዳል። ሽሮ ብቻውን ቫይታሚን ኤ በበቂ አይሰጥም፤ ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘውም ከእንስሳት ምግብ ነው። የሽሮ ገበታ ከጎመን፣ ከካሮት ወይም ከቀይ ሥር ጋር፣ በፍስክ ቀንም ከእንቁላል ወይም ከአይብ ጋር ሲሆን የተሟላ ይሆናል።

ሊጠነቀቁለት የሚገባው ዘይትና ጨው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ምጥን ሽሮ ላይ በልማድ የሚጨመር ጨው ከዚህ በቀላሉ ያሳልፋል። በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። አዮዲን በፀሐይና በእርጥበት ስለሚቀንስ ጨውን ከድኖ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይመረጣል።

ወጪ

ዱቄቱ ውሃ ጠጥቶ ስለሚወፍር አንድ ኪሎ ሽሮ ለአራት ሰው ከስድስት ገበታ በላይ ይሠራል። በሳምንት አራት ቀን ሽሮ የሚበላ አራት ሰው ያለበት ቤት በወር ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይበቃዋል። የቀሩት ወጪዎች ሽንኩርት፣ ዘይት ወይም ቅቤ እና ማገዶ ናቸው። ሽንኩርቱን በመጀመሪያ ያለ ዘይት ማቁላላት የዘይቱን መጠን ይቀንሳል። የተረፈ ሽሮ ለማግስቱ ቁርስ ፍትፍት ይሆናል፤ ቶሎ ቀዝቅዞ ተከድኖ ማደር፣ ሲሞቅም እስኪፈላ መሞቅ አለበት።

የጓያ ጉዳት

ጓያ ድርቅን የሚቋቋምና ብዙውን ጊዜ ከሽምብራና ከአተር የሚረክስ ጥራጥሬ ነው። በውስጡ ኦዳፕ የሚባል ነርቭ ጎጂ ንጥረ ነገር አለ። ሰው ለተከታታይ ሳምንታትና ወራት ጓያን ዋና ምግቡ ካደረገ ላቲሪዝም የተባለ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ ሊይዘው ይችላል። በሽታው አንዴ ከጀመረ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በጎንደር በደምቢያና በፎገራ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የታወቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰ ድርቅ በኋላ ደግሞ በወሎ ደላንታ ብዙ ሰዎችን አካል ጉዳተኛ አድርጓል።

በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት አደጋው የሚጨምረው ጓያ በቆሎ፣ በንፍሮ ወይም በጥሬ እሸት መልክ ሲበላ ነው። እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ካሉ ማጣፈጫዎችና ከእህል ጋር ሲበላ አደጋው ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ፍሬውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ኦዳፕን ይቀንሳል፤ መርዙ ዝቅ ያለ ዋሴ የተባለ ዝርያም በአገሪቱ ተለቋል።

ጓያ ከተፈጨ በኋላ ከሌላ ዱቄት ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ፍሬው ግን በሽብልቅ መሰል ጠርዛማ ቅርጹ ይታወቃል። ድፍን ጥራጥሬ ገዝቶ ለቅሞ ማስፈጨት፣ ዱቄት ሲገዙም ከምን እንደተፈጨ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አቀማመጥ

ሽሮ በደረቅና በሚከደን ዕቃ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል። እርጥበት ከገባው ይሻግታል፤ የሻገተ ዱቄት ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል በፀሐይ አድርቆ መጠቀም አይገባም። ክረምቱ ረጅምና ዝናባማ በሆነበት እንደ እንጅባራ ባለ ደጋ ዱቄቱን በበጋ አድርቆ ማስፈጨትና ወደ ድስቱ ሲጨምሩ ደረቅ ማንኪያ መጠቀም ይጠቅማል።

በሌሎች አገሮች

ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሽሮ ከአገር ቤት ከሚያስልኳቸው ምግቦች አንዱ ነው፤ የደረቀ ስለሆነ ረጅም ጉዞ ይችላል። ከሽምብራ ዱቄት ፈጣን ወጥ መሥራት በሌሎችም ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ነው። በህንድ ቤሰን የተባለው የሽምብራ ዱቄት ከእርጎ ጋር ተበጥብጦ ካዲ የተባለ ወጥ ይሆናል። ሽሮ ከዚህ የሚለየው ጥራጥሬው አስቀድሞ መታመሱና ቅመሙ አብሮት መፈጨቱ ነው።