ጋሼና የባለ ቀለሙ ብራቾ

እስቲ ጠጋ በሉና አንዱን ላጫውታችሁ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የእኛ ልጅ ሱባሩ ቢአርዜድ ገዛ። ቶዮታና ሱባሩ ተጋግዘው እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ያወጧት ናት፤ ሞተሯ ከፊት፣ የሚገፋት ግን የኋላ እግሯ። እንዳለች ቢነዳት ምን ነበረበት! ግን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት እንቅልፍ ነሳው። አጭር ሞላ ገዝቶ ዝቅ አደረጋት። አማረች፤ ይህን የሚክድ የለም።

ወራት አለፉ። የኋላ ጎማዎቿ ከውጭ ሲታዩ ደህና ናቸው። ከውስጥ በኩል እጅ ሲሰዱ ግን ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል፤ በአንደኛውማ ሽቦው ብቅ ሊል ጥቂት ቀርቶታል።

ለምን መሰላችሁ? እንዲህ ያለች መኪና ኋላዋ ዝቅ ባለ ቁጥር የላይኛው ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ የጎማውን አናት ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከታችኛው ያጠረ ነዋ። ጎማው ይጋደማል፤ ካምበር የሚሉት ይህንን ነው። በዚህች መኪና ደግሞ ፋብሪካው ለኋላው ካምበር ማስተካከያ አልሠራለትም። የሚስተካከለው ቶው ብቻ ነው፤ ከላይ ሲታዩ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ መዞራቸው ማለት ነው።

ልጁ መድኃኒቱን አገኘሁ አለ፤ የሚረዝም የሚያጥር ብራቾ። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ሐምራዊው! የታችኛውን፣ የቶውን፣ የቀረውንም አንድ ላይ ሊያዝዝ ስልኩን ይዞ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲያገላብጡ ወዳደጉት ጋሼ ጋራዥ ሄደ።

ጋሼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩና ስልኩን መለሱለት።

“ልጄ፣ ይቺን መኪና የት ነው የምትነዳት?”

“ሥራ ቦታ፣ ጋሼ። አንዳንዴም ውድድር ሜዳ።”

“አንዳንዴ ስንል?”

“እስካሁን አልሄድኩም።”

ጋሼ አልሳቁም። ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ ብራቾ አውርደው ጫፉን አሳዩት። ጎማ ቦኮላ ሳይሆን ብረት በብረት ውስጥ የሚሽከረከርበት ኳስ ነው። “ያዘውና ነቅንቀው።” ልጁ ነቀነቀው፤ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። “ይህ ለተወዳዳሪ ግሩም ነው። ላስቲክ ስለሌለው አይለጠጥም፤ ጎማው ካስቀመጥከው ቦታ አይነቃነቅም። ግን የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ጆሮህ ድረስ ያመጣዋል። መሸፈኛ ከሌለው ደግሞ አቧራው ይገባበታል፤ ክረምት መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ይጨርሰዋል። ያኔ ለዓመታዊው የቨርጂኒያ ምርመራ መጥተህ ተንቀጫቅጯል ብዬ ስመልስህ እንዳታኮርፍ።”

“የፖሊዩሬታን ቦኮላውስ?”

“መሃል ቤት ነው። ቅባት ይፈልጋል፤ ካጣ ሲጢጥ ይላል። ወደ ብዙ አቅጣጫ መጠምዘዝ ባለበት ቦታም እሺ ብሎ አይታጠፍም። ለአንተ ጥሩ ላስቲክ ያለው ይበቃሃል።”

ከዚያ ጣታቸውን የብራቾው መሃል ላይ አሳረፉ። አንዱ ጫፍ ጥርሱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የተቆረጠ ከሆነ፣ መኪናው አላይመንት ማሽን ላይ እንዳለ መሃሉን በቁልፍ ማዞር ነው፤ ሳይፈታ ይረዝማል፣ ያጥራል። ጥርሱ በአንድ ጫፍ ብቻ ከሆነ ለእያንዳንዷ ልኬት መፍታትና ማሰር ይመጣል፤ ለዚያም ሠራተኛው በሰዓት ያስከፍላል። ቀለሙን የሚያይ ገዢ ይህን አያይም። ብየዳውንም አያይም፤ የመቆለፊያውን ዳዶም አያይም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን የዕቃው ዋጋ ያለው እነዚህ ላይ ነው።

ልጁ በመጨረሻ የገዛው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ የታችኛውን፣ ባለ ላስቲኩን። ለታችኛው ደግሞ ሥራው ማሳጠር ነው፤ ሲያጥር የጎማውን እግር ወደ ውስጥ ይስበውና ጎማው ቀና ይላል።

ማሰሩ ላይ ነው ጋሼ የጮኹት። ልጁ መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ፣ ጎማዎቹ ወደ ታች ተንዘላዝለው ብሎኑን አጥብቆ ሊጨርስ! “ተው! ላስቲኩ በዚህ አቋሙ ከተቆለፈ፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ቶሎ ይቀደዳል።” ልል አድርገው አስገቡት፤ ክብደቷ ጎማዋ ላይ ካረፈ በኋላ አጠበቁት። ከዚያ አላይመንት፦ መጀመሪያ ካምበሩ፣ ቀጥሎ ቶው። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ካምበሩ በተነካ ቁጥር ቶውም አብሮ ይዛወራልና። እንዲያውም ጎማ በመብላት የባሰው የተበላሸ ቶው ነው፤ ብዙ ሰው ካምበሩን ይረግማል እንጂ።

እናንተም መኪናችሁን ዝቅ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ ብራቾ ከማዘዛችሁ በፊት አላይመንት አስለኩና ወረቀቱን ያዙ። ካምበሩ ፋብሪካው ከፈቀደው ልክ ካልወጣ፣ ቶውን ብቻ አስተካክሉና ገንዘባችሁን ለጎማ አውሉት።