«ጀበርቲ»፦ ከይፋት ምድር ወደ ካይሮ ቤተሰብ

በአገራችን ሰው በአባቱ ስም ይጠራል፤ የትውልድ ቀዬው ከስሙ ጋር እምብዛም አይጻፍም። በስፔን ግን ቶሌዶ የከተማም የቤተሰብም ስም ነው። ዐረብኛም በቦታ ስም ላይ «ኢ»ን ቀጥሎ ሰውን ከአገሩ ጋር ያዛምዳል። በዚህ መንገድ የቤተሰብ ስም የሆነ አንድ የይፋት ስም አለ፤ «ጀበርቲ» ይባላል።

ቃሉ ዛሬ በብዙዎቻችን ዘንድ የደጋውን ሙስሊም፣ በተለይም የሰሜኑን፣ ያመለክታል። ሥርወ ቃሉን ከግእዙ «አግብርት» ማለትም ከአገልጋዮች የሚያወጡ አሉ። የዐረብኛው «ጀ» ለግእዙ «ገ» አቻ ስለሆነ ድምፁ አያስቸግርም። እኔን የሚያስቸግረኝ መነሻው ነው፤ ስሙ ከጥንቱ የሃይማኖት መጠሪያ ነበር ካልን ምድሩ ይጠፋብናል። እ.ኤ.አ. በ1442 የሞተው ግብፃዊው ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ ጀበርትን የሚያውቀው እንደ አገር ነው። የወላስማ ነገሥታት አባቶች የሰፈሩትም በዚሁ አገር፣ በከተማው በአውፋት፣ ማለትም በኛው ይፋት መሆኑን ይተርካል። ስለዚህ አገሩ ቀድሞ፣ ሰዉ በአገሩ ተጠርቶ፣ የሃይማኖቱ ትርጉም ከዚያ በኋላ የመጣ ይመስለኛል።

የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ይፋትን በዋነኛነት የሚያነሣው እ.ኤ.አ. በ1332 ድል ከሆነው ከሰብረዲን ጋር አያይዞ ነው። ንባባችንም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጦርነት ላይ ይቆማል። ይሁንና በሸዋ ሮቢት አካባቢ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ያጠኗቸው እንደ ኖራና አስበሪ ያሉ የድንጋይ ከተሞች፣ ከነመስጊዶቻቸው ፍርስራሽ፣ የሰፈነ የከተማ ኑሮ እንደነበረ ያሳያሉ። ተማሪም ይወጣ ነበር። በካይሮው አል አዝሀር ከዚህ ወገን ለሚመጡ ደቀ መዛሙርት የተለየ ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው፤ «ሪዋቅ አል ጀበርት» ይባላል።

የሪዋቁ አለቅነት በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆየ። ከዚያ ቤት የወጣው ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲ (1753–1825 እ.ኤ.አ.) የናፖሊዮንን ጦር ወደ ግብፅ መግባት በዓይኑ አይቶ የጻፈው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ነው። የይፋት ስም በዓለም የታሪክ ድርሳን ውስጥ በዚህ ሰው በኩል ገብቷል ማለት ነው፤ የኛ የታሪክ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ግን እርሱን ከቁጥር ሲያስገባው እምብዛም አላይም። አባቱ ሐሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1774 ያረፈው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ፣ ሕይወቱን ልጁ በሰፊው ጽፎለታል። እዚያው ላይ ጀበርት በሐበሻ ምድር፣ በዘይላ ወገን የሚገኝ አገር መሆኑን ለካይሮ አንባቢዎቹ ያስረዳል። በዋናው መንገድ የሚያልፍ ሰው ዛሬ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን ያገኛል፤ ጀበርት የሚባል ከተማ የለም።